ምዕራፍ 9፦ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል

ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች የሩጫ ወራት ናቸው። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ ጨቆርሳ የሚነሱ አይሱዙዎች ቡና ጭነው ጅማ ይገባሉ። ከጅማ የሚነሱት ደግሞ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አልፈው፣ የጊቤን በረሃ ወርደውና ወጥተው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ይደርሳሉ። በዚያው መንገድ ላይ ባጃጁም፣ አባዱላውም፣ ገበያተኛውም፣ ከብቱም አለ። መንገድ ሲጨናነቅ ግጭት ይኖራል፤ የተጋጨው ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጋራዥ ይገባል።

የፊት ግራ ጥጉ የተመታ አንድ ቪትዝ ተጎትቶ ገባ እንበል። ባለቤቱ የሚያየው የተሰበረ መብራት፣ የተጨማደደ ፓራፋንጎና የተቆለመመ ኮፈን ነው። «መቼ ይደርስልኛል?» ይላል። የባትላሜራው አለቃ ግን የተመታውን ፊት ትቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላውን በር ከፍቶ ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። በበሩና በምሰሶው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በጣቱ ይከተላል። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ መኪናው የተመታው ፊቱን ቢሆንም ጉዳቱ ወገቡ ድረስ ዘልቋል ማለት ነው።

ይህን ማየት ከየት ይመጣል? አለቃው አጠገብ ቁልፍ ይዞ የቆመው ለማጅ ይህን እይታ እንዴት ያገኘዋል? ስለ ቦዲ ጥገና ሥልጠና የሚነሳው ክርክር ሁሉ፣ የኮሌጁም የጋራዡም የመንግሥቱም፣ መጨረሻው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ጉልበት መንገድ አለው

በአራተኛው ምዕራፍ መኪኖች በአሠራራቸው ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አይተናል። አይሱዙ፣ ሂሉክስና ላንድክሩዘር ከታች ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ ቦዲው እላዩ ላይ በብሎን ይታሰራል። ቪትዝና ኮሮላ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ ምሰሶው፣ ጣሪያው እርስ በርሱ ተበይዶ አንድ ሣጥን ሆኗል። ያኔ ልዩነቱን ያነሳነው ስለ ጭነት ስንነጋገር ነበር። ግጭት ላይ ግን ልዩነቱ ከዚያም ይብሳል፤ ሣጥኑ አንድ ጥጉ ላይ ሲመታ ጉልበቱ ከብየዳ ወደ ብየዳ እየተላለፈ እስከ ሌላው ጥግ ይጓዛል።

የጉልበቱ መጠን ቀላል አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። መኪናው በድንገት ሲቆም ያ ጉልበት አንድ ነገር ላይ መዋል አለበት፤ የሚውለውም ብረት በማጠፍ ላይ ነው። ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስመዘገበው ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ነው፦ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ይጠንክር፣ ፊትና ኋላው ግን ሆን ተብሎ እንዲተጣጠፍ ይሠራ። ሐሳቡ በተግባር ላይ ውሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ አውቶሞቢል ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ስለዚህ የቪትዙ ፊት መጨማደዱ የፋብሪካ ድክመት አይደለም። ፊቱ የተጨማደደው ሹፌሩ እንዲተርፍ ነው። አንዳንድ ቦታ «እንዲጠነክር» ተብሎ ከፊት ውስጥ ተጨማሪ ብረት ሲበየድ አያለሁ፤ ይህ ሥራ ለባለቤቱ ጥንካሬ ቢመስለውም የሚቀጥለውን ግጭት በቀጥታ ወደ ሰው ጉልበትና ደረት የሚያስተላልፍ ነው።

ብረቱ ራሱም የሚታጠፍበት ሥርዓት አለው። የበር ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ብዙ ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ነው። ስትገፉት በመጀመሪያ ይለጠጥና ስትለቁት ይመለሳል። ከአንድ ልክ ካለፈ ግን ታጥፎ ይቀራል፤ የታጠፈበት መስመርም ከቀድሞው ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ይሆናል። ሽቦን አንዴ አጥፋችሁ ልታቃኑት ብትሞክሩ እጥፋቱ ራሱ አልታዘዝ ብሎ ከአጠገቡ ያለው ክፍል ይጎብጣል። የተመታ በር ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጎድጉዶ ከሚታየው ሰፊ ቦታ አብዛኛው አልተበላሸም። በጥቂት የደረቁ እጥፋቶች ተይዞ ነው እንጂ ቢለቁት ወደ ቦታው መመለስ ይፈልጋል።

ጀማሪ መዶሻውን የሚያሳርፈው ጥልቅ በሆነው መሐል ላይ ነው። እዚያ በመታው ቁጥር ላሜራው ይሳሳል፣ ይሰፋል፤ በመጨረሻ በጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ የሚል፣ መቼም ቅርጽ የማይዝ በር ይተርፋል። አዋቂው እጥፋቱን ፈልጎ ያገኘዋል። ከጀርባው ደጋፊ ብረት ይዞ በቀላል መዶሻ ዳር ዳሩን ይፈታዋል፤ መሐሉ ራሱ ይነሳል።

ከአይሱዙ ላይ ጆንያ እንደማውረድ

አጋሮ ላይ አንድ አይሱዙ ቡና ሲጫን አስቡ። የመጀመሪያው ጆንያ ወደ ካቢናው ተጠግቶ ከታች ይገባል። ቀጥሎ ሌላው፣ ከላዩም ሌላው እየተደረደረ የመጨረሻው ከበሩ አፍ ላይ ያርፋል። ጅማ ሲደርስ አራጋፊዎቹ ከየት ይጀምራሉ? መጨረሻ ከገባው ነው። ቸኩሎ ከታች ያለውን ጆንያ የሚስብ አራጋፊ ጆንያውን አያወጣውም፤ ቢያወጣውም ክምሩ ይናድበታል።

ግጭትም በመኪና ላይ ጉዳት የሚጭነው በተራ ነው። መጀመሪያ ፓራውልቱ ይገፋል፣ ቀጥሎ የፊት ማገሩ ያጥራል፣ ከዚያ ፓራፋንጎው ይጎብጣል፣ የበሩ ምሰሶ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ትንሽ ሞገድ ይነሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተከፍቶ እስኪከደን ባለው ጊዜ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ግን አለ። ጥገናው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የጣሪያው ሞገድና የበሩ ክፍተት መጨረሻ የገቡት ናቸውና መጀመሪያ ይወጣሉ፤ የተመታው ጥግ፣ ማለትም ሁሉም ሰው የሚያየው ቁስል፣ መጨረሻ ይደርሰዋል። መኪናው በሰንሰለት የሚሳብበትም አቅጣጫ አለው። ጉልበቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሰያፍ ሄዶ ከገባ ሰንሰለቱ የሚታሰረው ያንኑ ሰያፍ መስመር ወደ ኋላ እንዲከተል ነው።

አለቃው ገና ሳይነካ ወደ ኋላ በር የሄደው ለዚህ ነው፤ መጨረሻ የገባችውን ጆንያ እየፈለገ ነበር። መዶሻና ሰንሰለት ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛቸው ይችላል። የክምሩን ቅደም ተከተል ማንበብ ግን የሚገኘው ከሚያነብ ሰው አጠገብ በመቆም፣ አንድ ግጭት ከሌላው እየተነጻጸረ ደጋግሞ በማየት ነው። አንድም ግጭት ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል በመጽሐፍ ተዘርዝሮ አያልቅም። ይህን መጽሐፍም ጨምሬ ነው የምለው።

ስቱኮ የሚያሸው ልጅ ምን እየተማረ ነው?

በባህሉ መንገድ ጋራዥ የገባ ለማጅ ወዲያው መዶሻ አይሰጠውም። ግቢ ይጠርጋል፣ ቁልፍ ያቀብላል፣ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፣ መስታወትና ጎማ በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፍናል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀትና ውሃ ይሰጠውና ስቱኮ ያሻል። ስቱኮ የቀረችውን ትንሽ ጎድጓዳ የሚሞላ፣ ተደባልቆ ሲቀባ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርቅ ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ልጁ ጠዋት ማሸት ጀምሮ ማታ ያሻል። ለወራት ይህን ይሠራል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያይ «ልጄን ጉልበቱን በዘበዙት» ይላል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው።

ነገር ግን በደህና አለቃ እጅ ያለ ልጅ በዚያ ማሸት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደውን ትምህርት እያገኘ ነው። ስቱኮ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃን አይመልስም። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ጎድጓዳ ዓይን አያገኛትም፤ የምትታየው ቀለሙ ተቀብቶ ሲያንጸባርቅ፣ ማለትም ከረፈደ በኋላ ነው። መዳፍ ግን ያገኛታል። አለቃው የልጁን እጅ ይዞ ያሳየዋል፦ ጣትህን ሳይሆን መዳፍህን ሙሉ ዘርጋ፣ ካልተመታው ቦታ ጀምር፣ በተመታው ላይ እለፍ፣ ያልተመታው ማዶ ድረስ ሂድ። በመዳፉና በላሜራው መካከል ስስ ጨርቅ ቢያደርግ እጁ ሳይያዝ ስለሚንሸራተት ስሜቱ ይበልጥ ይነጥራል። ለወራት ያሸ እጅ ለጥ ያለ ላሜራ ምን እንደሚመስል አውቆታል። ነገ መዶሻ ሲይዝ የት መምታት እንዳለበት የሚነግረው ይህ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስቱኮ አንድ ነገር ማንሳት ግድ ነው። ላሜራውን ማቃናት የማይችል ሰው ጎድጓዳውን በስቱኮ ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ ሲወፍር ግን ኮረኮንች መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሰነጠቃል። ስቱኮ እርጥበትም ይመጥጣል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት የጅማ አየር ፀረ ዝገት ቀለም ሳይቀባ የተተወ ስቱኮ ሥሩ ያለውን ብረት በውስጥ ውስጡ ይበላዋል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹና ፓራፋንጎው ላይ አሳልፉ። አልይዝ ያለበት ቦታ ከሥሩ ያለው ወፍራም ስቱኮ ሊሆን ይችላል።

መዳፍ የማይደርስበት

የጋራዡ ትምህርት ቤት ትልቅ ጉድለት አለው፤ መለኪያን አይወድም። ለላሜራው መዳፍ በቂ ነው። ለሣጥኑ ግን በቂ አይደለም። የፊት ማገር አምስት ሚሊ ሜትር ቢያጥር እጅም ዓይንም አያውቀውም፤ ጎማው ግን ያውቀዋል፣ በአንድ ወገን እየተበላ ያልቃል፣ መሪውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በዓለም ላይ ባለው የሙያው ልማድ ከፋብሪካው ልክ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ የመጨረሻው ገደብ ተደርጎ ይወሰዳል።

ይህን ለመለካት የግድ የሌዘር መሣሪያ አያስፈልግም። ሜትር፣ ክር፣ ቱንቢና ጠመኔ ይበቃሉ። መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በእኩል ከፍታ ይቆማል። ከሥሩ ካሉት የፋብሪካ ቀዳዳዎች ቱንቢ እየወረደ ነጥቦቹ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይመዘገባሉ። መኪናው ወደ ጎን ይገፋና ነጥቦቹ በሰያፍ ይለካሉ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ ያለው ርቀት ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ሣጥኑ ጠሟል። ቤት የሚሠራ ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለማጁ ይህን ለመማር አንድ ሳምንት አይፈጅበትም፤ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ኮሌጅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አገራችን ዘመናዊ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ካወቀች ቆይታለች፤ የአዲስ አበባው ተግባረ እድ የተመሠረተው በ1934 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ትምህርት ቤቱና ጋራዡ ሳይተዋወቁ ኖረዋል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 የትብብር ሥልጠናን በሕግ አስቀመጠ፤ ሠልጣኙ የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኮሌጅ፣ አብዛኛውን ተግባር በድርጅት ይማራል። 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ቀመር ከጅማ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ እስከ ወረዳ ኮሌጆች ያሉ አሠልጣኞች ያውቁታል። ሐሳቡ በከፊል የተቀዳው ከጀርመን ነው። እዚያ የቦዲ ሙያተኛ ለመሆን ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ለማጁ አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ውሎ በተወሰኑ ቀናት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ በውሉ መሠረትም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል።

የእኛ ቀመር በወረቀት ደህና ነው። በተግባር ግን ሠልጣኙ ለጥቂት ወራት ጋራዥ ይላካል፣ አለቃው «ይህ የሚሄድ ልጅ ነው» ብሎ መኪና አያስነካውም፣ ልጁም ቆሞ አይቶ ይመለሳል። በአንጻሩ ዓመታት ያሸው የጋራዥ ልጅ እጁ አውቆ ወረቀት የለውም። የመጀመሪያው ስለ ማዕዘን መለካት ያውቃል፣ መዳፉ ግን ዕውር ነው፤ የሁለተኛው መዳፍ ያያል፣ ሣጥኑን ግን በግምት ይስባል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የጋራዡን ልጅ እመርጣለሁ። የጎደለውን መለኪያ በወራት መጨመር ይቻላል፤ መዳፍን ግን በወራት መጨመር አይቻልም። ለዚህ የሚሆን በርም አለ፦ የብቃት ምዘናው፣ ሁላችን ሲኦሲ የምንለው፣ ሙያውን ከየት ተማርከው ሳይል መሥራት መቻልን ይመዝናል። በሥራ ላይ የተማረ ሰው ተመዝኖ የደረጃ ማረጋገጫ መያዝ ይችላል።

የሚመጣው ላሜራ

መኪና ለእኛ ውድ ዕቃ ነው። ሌላ አገር ኢንሹራንሱ «አይጠገንም» ብሎ የሚጥለውን እኛ እናቃናዋለን። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር የጣለው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያለውን መጠገን ይበልጥ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ይህ ሙያ አይጠፋም፤ ይለወጣል እንጂ።

የአዳዲስ መኪኖች ምሰሶ የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ በተጨመቀና ወዲያው በቀዘቀዘ ብረት ነው፤ ጥንካሬው ከተራው ላሜራ አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። አባቶቻችን በካርባይድ እሳት አግለው በመዶሻ ሲያቃኑት የኖሩት ዘዴ በዚህ ብረት ላይ አይሠራም። አንዴ ከጋለ ጥንካሬው ይጠፋል፤ መልኩ ግን ምንም አይናገርም። ምሰሶው ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙ አምሮ፣ በሚቀጥለው ግጭት እንደ ተራ ቆርቆሮ ይታጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ወለሉ ሥር 400 ቮልት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አለው። የባትሪውን ኃይል የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ገመድ ያየ ለማጅ ኃይሉ በሚያውቅ ሰው ሳይቋረጥ መጋዝም ብየዳም እንደማይነሳ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አሮጌ ነገር ነው፤ የልጆቹ ሳንባ። በሁለት ጣሳ የሚመጣው ቀለም ማድረቂያው ውስጥ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለ። ሲረጭ በትንፋሽ ይገባል፤ አስም ያስይዛል፤ አንዴ የተቆጣ ሳንባ ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይቆጣል። ፊት ላይ የታሰረ ሻሽ አቧራ ይከለክል ይሆናል፣ ይህን ግን አይከለክልም። ቀለም ቀቢ የሚተነፍሰው ንጹሕ አየር በቱቦ ሊመጣለት፣ ይህ ከሌለ ለቀለም ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሊያደርግ ይገባል። ጭምብሉን ከለማጁ ደመወዝ የሚቆርጥ ባለ ጋራዥ ካለ ነውር ነው።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ያዛል። ከለማጅ ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውንም ገንዘብ እንዲይዝ፣ ሲያልቅም የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ይደነግጋል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በበደሌና በቦንጋ ልጁን ለባትላሜራ አለቃ የሚሰጥ ወላጅ ሁሉ ይህን ውል ይጠይቅ። አለቃውም አይከፋው። ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሜትርና ቱንቢ ይዞ ሣጥን እንዲለካ፣ በሁለተኛው ዓመት አንድ የተመታ በር ከእጥፋቱ ጀምሮ ለብቻው እንዲያቃና።